ከወንዝ ወለል ወርቅ በመምጠጫ ማሽን ማውጣት፦ ወርቁ በሳንዱቁ ጭራ እንዳያመልጣችሁ

ብዙ ሰው መምጠጫ ማሽን ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ማታ ወርቁን እንዲይዝ ማሽኑ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ሲታጠብ ግን አንዲት ቅንጣት የለችም። ከዚያ ወይ «ወንዙ ባዶ ነው» ይባላል፣ ወይ ትልቅ ማሽን መመኘት ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወንዙም የማሽኑም አይደለም። ወይ ቦታው ሳይፈተሽ ተጀምሯል፣ ወይ ከጠጠሩ ሥር ያለው አለት ጋ ሳይደረስ ተትቷል፣ ወይ ደግሞ ወርቁ በቱቦው ከወጣ በኋላ በማጠቢያው ሳንዱቅ ጭራ፣ ማለትም ውሃው በሚወጣበት ጫፍ፣ በኩል ተመልሶ ወንዝ ገብቷል። የሚያናድደው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መመሪያው ለትንንሽ ማሽኖች ነው። የመምጠጫ ቱቧቸው ከ2 እስከ 4 ኢንች ለሆነ፣ ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመው ለሚሠሩባቸው። በአየር ቱቦ እየተነፈሱ ጠልቆ መሥራት ሌላ ሙያ ነው። ሳትሠለጥኑ አትሞክሩት። አየር መጭመቂያው የሞተሩን ጭስ ከሳበ የምትተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ማስጠንቀቂያም የለውም።

አንድ ቁጥር ብቻ ያዙ

ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል። ተራ አሸዋ 2.65 እጥፍ ነው። በደረቁ ሲታይ ወርቅ ከአሸዋ 7 እጥፍ ገደማ ይከብዳል ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ግን ውሃው ሁለቱንም ስለሚያነሳቸው ልዩነቱ ወደ 11 እጥፍ ይሰፋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ልዩነት መጠቀም ነው። ወንዙም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ውሃው ኃይሉ በደከመበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው።

ደረጃ 1፦ ፈቃድ

ወንዝ የማንም አይደለም ብላችሁ አትግቡ። የማዕድን ፈቃድ፣ የውሃና የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ፣ የባለመሬቱ ስምምነት፤ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም። በገበቴ ማጠብ በተፈቀደበት ቦታ በሞተር መምጠጥ ሊከለከል ይችላል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2009 እ.ኤ.አ. በሞተር መምጠጥን አግዷል፤ ገበቴ ይዞ የሚወርደውን ሰው ግን አልከለከለም።

1. ስትጠይቁ የቱቦውን ስፋትና የሞተሩን ጉልበት በግልጽ ተናገሩ። «ወርቅ ላጥብ ነው» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ መልስ ለገበቴ ይሆናል።
2. ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ወቅት ጠይቁ። በዚያ ወቅት ጠጠሩን መንካት ብዙ ቦታ ክልክል ነው።
3. መልሱን በጽሑፍ ያዙና ወንዝ ስትወርዱ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ደረጃ 2፦ ዕቃ ማሰናዳት

ማሽኑ አምስት ክፍል አለው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል። ፓምፑ ንጹሕ ውሃ ስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ጄቱ በኃይል ይገፋል። ጄቱ ውስጥ የሚወረወረው ውሃ ከኋላው ባዶነት ይፈጥርና ወፍራሙ ቱቦ ጠጠር እንዲስብ ያደርጋል። ጠጠሩ በፓምፑ ውስጥ አያልፍም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ችግር ሲመጣ የማይሆነውን ቦታ ይፈታታል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ማጠቢያው ሳንዱቅ ላይ ይፈስሳል። ሳንዱቁ ውስጥ ከሥር ምንጣፍ አለ። ከምንጣፉ በላይ ደግሞ ርብራብ፣ ማለትም ከባዱን የሚያስቀሩት አግዳሚ ብረቶች አሉ።

ቤት ሳላችሁ እነዚህን ጨርሱ፦

1. የሞተሩን ዘይት እዩ። አዲስ ሞተር ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። ሳያዩ ያስነሱት ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል።
2. ካንዴላውንና የአየር ፊልትሮውን አጽዱ። አንድ ትርፍ ካንዴላ ያዙ።
3. የቱቦውን አፍ እዩ። አፉ ላይ ያለው ማጥበቢያ ቀለበት ከቱቦው ስፋት በግማሽ ኢንች ያህል መጥበብ አለበት። አፉን አልፎ የገባ ድንጋይ ቱቦው ውስጥ እንዳይቀረቀር የሚያደርገው እሱ ነው። «ብዙ ይስባል» ብለው ቀለበቱን የሚያወልቁ አሉ። ግማሽ ቀናቸው ቱቦ በመክፈት ያልቃል።
4. የቱቦ ማሰሪያዎቹን በሙሉ በካቻቢቴ አጥብቁ። በጥቂቱ አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ መምጠጡን ይገድለዋል።
5. ምንጣፉ ያለ እብጠት ተኝቶ፣ ርብራቡ በላዩ ላይ አጥብቆ መቀመጡን አረጋግጡ። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ውሃው ከሥር ይሮጣል፤ ወርቁም አብሮት።

ወደ ወንዝ የምትወስዱት፦ ገበቴ፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ዲጂኖ፣ አካፋ፣ ጠባብ ስንጥቅ የምትቆፍሩበት ቀጭን ብረት፣ ውሃ ልክ፣ የ4 እና የ2 ሚሊሜትር ወንፊት፣ የጎማ መዶሻ፣ ከቱቦው የሚረዝም የማይሰበር ዘንግ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ማግኔት፣ የፈሳሽ ሳሙና፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ። ለራሳችሁ ደግሞ ጓንት፣ የሚንሳፈፍ ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የጆሮ መከላከያ። ከሁሉም በላይ ሁለተኛ ሰው። ብቻችሁን አትውረዱ።

ደረጃ 3፦ ቦታውን በገበቴ ፈትሹ

ማሽኑ ገና መኪና ላይ ይቆይ። ይህን ደረጃ የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚከስረውም እሱ ነው።

ወርቅ የሚጠብቃችሁ ውሃው ፍጥነቱን በቀነሰበት ቦታ ነው። የወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን፣ ከትልቅ ቋጥኝ በታች በኩል ውሃው የሚያርፍበት ቦታ፣ ፏፏቴና ፈጣን ውሃ ወደ ዝግታ የሚቀየርበት፣ ሸለቆው ጠቦ ቆይቶ የሚሰፋበት፣ ዋናውን ወንዝ ገባር የሚቀላቀልበት። አለቱ ራሱ ሲታይ ደግሞ ለስላሳና የተወለወለ አለት ወርቅ ያንሸራትታል። ስንጥቅ ያለው፣ በተለይ ስንጥቁ የውሃውን አቅጣጫ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ እሱ ራሱ የተፈጥሮ ርብራብ ነው።

1. ከወንዙ አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር በአንድ መስመር ላይ ቢያንስ 5 ቦታ ምረጡ።
2. በየቦታው ከላይኛው ጠጠር፣ ከመካከለኛውና ከታችኛው ለየብቻ እኩል መጠን ውሰዱ። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ግማሽ ባልዲ።
3. በ4 ሚሊሜትር ወንፊት አንፉና በገበቴ እጠቡ።
4. የታየውን ቅንጣት ቁጠሩና ጻፉ። «ትንሽ አለ» አይበቃም። 3 ወይም 11 ብላችሁ ጻፉ።
5. ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ድገሙት።

ወርቅ ወንዙን ሙሉ አልብሶ አይተኛም። ጠባብ መስመር ይዞ ነው የሚሄድ። አንዱ ጉድጓድ ባዶ ሆኖ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ ጠጠር ስመጥጥ የከረምኩት መስመሩ ከእኔ በስተግራ መሆኑን ሳላውቅ ነው። በገበቴ ብፈትሽ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ጥንቃቄ፦ ወደ ታች ስትቆፍሩ ጠንካራ የተጠቀጠቀ ሸክላ ብታገኙ አለቱ ላይ ደረስን ብላችሁ አትሳቱ። ወርቅ ሸክላው ላይም ያርፋል። ሸክላውን ከላይ ፈትሹ፤ ከዚያ በዲጂኖ ወጋ አድርጋችሁ ከሥሩ ጠጠር መኖሩን እዩ።

ደረጃ 4፦ ማሽኑን ትከሉ

1. ማሽኑን ከምትሠሩበት ቦታ ወደ ታች በኩል አንሳፉት። ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይዘርጋ። እያንዳንዱ እጥፋት ድንጋይ የሚቀረቀርበት ነው።
2. በሁለት ገመድ ወደ ላይኛው በኩል እሰሩት። አንድ ገመድ ብቻ ከሆነ ማሽኑ በውሃው እንደ ቅጠል ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ ሳንዱቁ ያጋድላል።
3. የፓምፑን መሳቢያ፣ ማለትም ፉት ቫልቩን፣ ቀዳዳ ያለው ባልዲ ውስጥ አስገቡት። ባልዲውም ከወለሉ ከፍ ይበል። አሸዋ የሳበ ፓምፕ ዕድሜው አጭር ነው።
4. ውሃ ልኩን በሳንዱቁ ወርድ ላይ አስቀምጡ። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል መሆን አለበት።
5. ርዝመቱን ስትለኩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሜትር 6 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጭራው ዝቅ ይበል። ይህ መነሻ ነው። መጨረሻውን ጠጠሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ከሳንዱቁ የሚወጣው ጠጠር የት እንደሚከመር አሁኑኑ አስቡ። ነገ ልትሠሩበት የምትፈልጉት ቦታ ላይ ከከመራችሁት ሁለት ጊዜ ልታነሱት ነው።

ደረጃ 5፦ ማስነሳት

1. ፓምፑን በውሃ ሙሉ። ፉት ቫልቩን ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ በፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። አረፋ መውጣቱ ሲቆም ሞልቷል ማለት ነው።
2. ቾኩን ዝጉ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ሲሞቅ ቾኩን ክፈቱ። ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር፣ ይሥራ።
3. ውሃ ሳንዱቁ ላይ መድረሱን እዩ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ ወዲያው አጥፉ።

ደረቁን የሚሽከረከር ፓምፕ ጎሚኒው፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ፣ ይቃጠላል። እኔ «አሁን ይመጣል» እያልኩ ስጠብቅ አንዱን አቃጥያለሁ። ትርፍ ስላልነበረኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ውሃ ካልመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ፉት ቫልቩ ከውሃ ወጥቷል? የፉት ቫልቩን ወንፊት ቅጠል ደፍኖታል? የመሳቢያ ቱቦው ማሰሪያ አየር ያስገባል? ፓምፑ ውስጥ አየር ቀርቷል? አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አያልፍም።

ነዳጅ ስትሞሉ ሞተሩን አጥፉ፣ 15 ደቂቃ ያህል ይብረድ፣ ማሽኑን ወደ ዳር ሳቡት፣ በማፍሰሻ ሙሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው። ውሃው ላይ የተንጠባጠበ ቤንዚን ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም።

ደረጃ 6፦ መምጠጥ

ከታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ውሃው መምጫ ሥሩ። ውሃው ድፍርሱን ከዓይናችሁ ይወስድላችኋል። የምታነሱትን ትልልቅ ድንጋይም ከኋላችሁ ወዳለቀው ጉድጓድ ትጥሉታላችሁ።

1. የቱቦውን አፍ ከጠጠሩ ላይ በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ጠጠር ውስጥ አትቅበሩት። ቱቦው ብዙ ውሃ፣ ጥቂት ጠጠር ይፈልጋል። ከ10 እጅ አንዱ ጠጠር ከሆነ ይበቃል።
2. በአንድ እጅ ቱቦውን፣ በሌላው ትልልቁን ድንጋይ ያዙ። ከአፉ የሚሰፋውን ድንጋይ ቀድማችሁ አንሱ።
3. ጉድጓዱን እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ አድርጉት። ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ።
4. ትልቅ ቋጥኝ ሲገጥማችሁ ከሥሩ አትቦርቡሩ። መጀመሪያ ከላይና ከጎን ያለውን አንሱ፤ በዲጂኖ ወደ ታች በኩል አንከባልሉት። ከሥር የተቦረቦረ ቋጥኝ ሲንከባለል ድምፅ አይሰጥም። እግር ከያዘ ጉልበት በሚደርስ ውሃም ሰው ይሞታል።
5. አለቱ ጋ ስትደርሱ ፍጥነታችሁን በግማሽ ቀንሱ። ስንጥቁን በቀጭኑ ብረት ጫሩ፣ ምጠጡ፣ እንደገና ጫሩ። አለቱ የሚፈርስ ዓይነት ከሆነ የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር ሰባብራችሁ አስገቡ፤ ወርቅ ወደ ውስጡ ይሰርጋል።

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሰው ላዩን ጠጠር በትዕግሥት ሲመጥጥ ይውልና ማታ ሲደክመው አለቱን ገረፍ አድርጎ ይወጣል። ሲገለባበጥ መዋል ካለበት አለቱ ነው። ጊዜ ካነሳችሁ ጉድጓዱን አጥብቡት እንጂ አለቱን አትተዉት።

ሸክላ አፈር ቱቦ ውስጥ አታስገቡ። ሳንዱቁ ላይ እየተንከባለለ ኳስ ይሆናል። ኳሱ ደግሞ ርብራቡ የያዘውን ወርቅ እየለጠፈ ይዞት ይወጣል። ሸክላውን በእጃችሁ ለዩት፣ ባልዲ ውስጥ በውሃ አሟሙታችሁ ለብቻው እጠቡት።

ውሃው ድንገት ከጨመረ፣ ቀለሙ ከተቀየረ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ወዲያው ውጡ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ይቅር።

ደረጃ 7፦ ሳንዱቁን ማንበብ ተማሩ

የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ጠጠር ካስገባችሁ በኋላ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ አውርዱና ሳንዱቁን እዩ። ከአራቱ አንዱን ታያላችሁ።

ርብራቡ እስከ አፉ በአሸዋ ሞልቶ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፦ ውሃው ዝግ ብሏል፣ ወይም ጠጠር በዝቶበታል። አዲስ የሚመጣው ወርቅ ማረፊያ የለውም፤ በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። መጀመሪያ የምታስገቡትን ጠጠር ቀንሱ። ካልተስተካከለ የሳንዱቁን ራስ በ1 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉ። እንደገና እዩ።

ርብራቡ ባዶ ነው፣ ምንጣፉ ይታያል፦ ውሃው ፈጥኗል። ደቃቁ ወርቅ አልቆመም። የሳንዱቁን ራስ በ1 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ወይም የሞተሩን ዙር ጥቂት ቀንሱ።

በአንድ ጎን ሞልቶ በሌላው ባዶ ነው፦ ሳንዱቁ አጋድሏል። ውሃ ልኩን መልሱበት፤ ገመዱንም እዩ።

የብረቶቹ ጫፍ ይታያል፣ ከእያንዳንዱ ጀርባ አሸዋው እንደሚፈላ ነገር ይገላበጣል፣ ከወርቅ ጋር የሚቀረው ከባድ ጥቁር አሸዋ መሰብሰብ ጀምሯል፦ ይሄ ነው። አትንኩት።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። የሳንዱቁን ዝቅታም የሞተሩን ዙርም አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

የዓይን ግምት ግን አይበቃም። ሦስት ፈተና አለ።

የጭራ ፈተና። በየሰዓቱ ከሳንዱቁ ጭራ የሚወርደውን ሁለት ገበቴ ያህል ተቀብላችሁ እጠቡ። ቅንጣት ካያችሁ ሥራ አቁሙና አስተካክሉ። ሁለት ገበቴ ውስጥ አንድ ከታየ ቀኑን ሙሉ ስንት እንደሄደ ለራሳችሁ አስሉት።

የመጨረሻው ርብራብ ፈተና። ስታጥቡ የሳንዱቁን የላይኛውን ሲሶ፣ የመካከለኛውንና የታችኛውን ለየብቻ እጠቡ። ሳንዱቁ በትክክል ከሠራ አብዛኛው ወርቅ ከላይኛው ሲሶ ይገኛል። ከታችኛው ጥሩ መጠን ካገኛችሁ ደስ አይበላችሁ። እሱን አልፎ የሄደም አለ ማለት ነው።

የእርሳስ ፈተና። 20 ትንንሽ የእርሳስ ቅንጣት፣ ማለትም እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክብደት ያለ ብረት፣ በመዶሻ ጠፍጥፉ። ከጭራው ሥር ሳፋ አስቀምጡ። ቅንጣቶቹን ከጠጠር ጋር ከሳንዱቁ ራስ ልቀቁ። ከዚያ እጠቡና ቁጠሩ። የእርሳስ ክብደት ከውሃ 11.3 እጥፍ ነው፤ ከወርቅ ይቀልላል። እርሳሱን የያዘ ሳንዱቅ በመጠንና በቅርጽ የሚመሳሰለውን ወርቅ ይይዛል። 20ውም እስኪመለሱ አስተካክሉ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ወንዝ ውስጥ አይቅር፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

ደረጃ 8፦ ቱቦው ሲደፈን

ይደፈናል። የሚያሳስበው አፈታቱ ነው።

1. ሞተሩን ወደ ሚኒሞ አውርዱ። አፉ ላይ የተለጠፈ ድንጋይ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወድቃል።
2. እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ በፍጹም።
3. አፉ ንጹሕ ከሆነና መምጠጡ አሁንም ደካማ ከሆነ ድንጋዩ ቱቦው ውስጥ ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ። እብጠቱን ስታገኙት በጎማ መዶሻው ከጎን መታ መታ አድርጉ።
4. ቱቦው ውስጥ ከሌለ ጄቱ ላይ ነው። ሞተሩን አጥፉ። ዘንጉን ከሳንዱቁ በኩል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ግፉት። በኃይል አትውጉ፤ ጄቱን ልትበሱት ትችላላችሁ።
5. ሁሉም ንጹሕ ሆኖ መምጠጡ ደካማ ከሆነ ችግሩ ከፓምፑ በኩል ነው። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

በየአምስት ደቂቃው የሚደፈን ከሆነ ድንጋዩን አትውቀሱ። አፉን ጠጠር ውስጥ እየቀበራችሁት ነው።

ደረጃ 9፦ ምንጣፉን ማጠብ

1. ጠጠር ማስገባት አቁሙና ለ5 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይለፍ። ዙሩን አትጨምሩ።
2. ሞተሩን ቀስ እያላችሁ አውርዱ፣ ከዚያ አጥፉ። በድንገት አታጥፉ።
3. ሳፋውን ከጭራው ሥር አስገቡ።
4. ርብራቡን እዚያው ሳፋው ላይ እያጠባችሁ አንሱ።
5. ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ጠቅልላችሁ ሳፋው ውስጥ አስገቡ። ውሃ ውስጥ ዘርግታችሁ በሁለቱም በኩል እጠቡት። ውሃውን ቀይራችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ምንጣፍ ስስታም ነው።
6. የሳንዱቁን ወለል ማዕዘን በብሩሽ ጥረጉ።

የሳፋውን ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ መጀመሪያ ይርጋ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያለው ሁሉ ዳር ላይ ይሁን፣ ከውሃው ራቅ ብሎ። ሳፋ ወንዝ ውስጥ ሲገለበጥ አይቻለሁ፤ የአራት ቀን ሥራ ነበር።

ደረጃ 10፦ ገበቴ ላይ መለየት

1. በ4፣ ቀጥሎ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት አንፉ። እኩል መጠን ያለው አሸዋ በአንድ ላይ ሲታጠብ ይቀልላል።
2. ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሳትጥሉ በዓይን ፈልጉ። ትልቁ ቅንጣት የሚጣለው እዚህ ላይ ነው።
3. ገበቴው ውስጥ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምሩ። ስስ የወርቅ ቅጠል ውሃው ላይ መንሳፈፉን ያቆማል።
4. በሁለተኛ ሳፋ ላይ እጠቡ። ያመለጠ ካለ ከሳፋው ታገኙታላችሁ።
5. የቀረው ጥቁር አሸዋ ሲሆን አድርቁት። ማግኔቱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላይ አሳልፉት፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ገልጣችሁ አራግፉ። የተነሳውን አሸዋ ዘርግታችሁ እንደገና አንሱት፤ መጀመሪያ ሲነሳ ወርቅ አቅፎ ነበር።

የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ መሆኑን በመርፌ ፈትኑ። ወርቅ ሲወጉት ይበሳል ወይም ይታጠፋል። ፓይራይት፣ ማለትም ወርቅ የሚመስለው ማዕድን፣ ይሰበራል። ሚካ፣ ማለትም የሚያብለጨልጭ ስስ ቅጠል የሚመስለው ማዕድን፣ በቀላሉ ይገነጠላል፤ ገበቴው ሲዞርም ብርሃኑ ይጠፋል። ወርቅ ጥላ ውስጥም ቀለሙ ያው ነው።

ግራጫ የሆነ ከባድ ቅንጣት አትጣሉ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ሆኖ በጥፍር የሚጫር ከሆነ እርሳስ ነው። ጠንካራ ከሆነ ፕላቲነም ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አስቀምጡና ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዩ። አንዳንድ የፕላቲነም ቅንጣት ብረት ስለተቀላቀለበት ማግኔት ያነሳዋል፤ ስለዚህ ማግኔቱ ያነሳውንም በማጉያ መነጽር እዩ። ሦስተኛው ነገር ባዜቃ የለበሰ ወርቅ ነው።

ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ቀድሞ በተሠራባቸው ወንዞች ወለል ውስጥ ይገኛል። የብር ቀለም ያለው ነጠብጣብ ካያችሁ ወይም ወርቃችሁ ነጭ ከሆነ በእሳት አታሙቁት፣ በመጥበሻም በአካፋም። ትነቱ በሳንባ ገብቶ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። ውሃ በላዩ አድርጋችሁ ክዳኑ በሚጠብቅ ፕላስቲክ ያዙት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል አስረክቡ። ደቃቅ ወርቅ ለመያዝ ብላችሁም ባዜቃ አትግዙ። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አገሮች በወርቅ ሥራ ላይ ባዜቃን እንዲቀንሱ፣ በተቻለም እንዲያስቀሩ ያስገድዳል። በ2 ሚሊሜትር አንፍቶ፣ ዝግ ባለ ውሃ፣ ደጋግሞ ማጠብ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።

ሚዛን ላይ ስታወጡ በግራም መዝግቡ። ገዥ በአውንስ ከነገራችሁ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ 28.35 ግራም የሆነው ተራው አውንስ አይደለም።

ደረጃ 11፦ ቦታውን መዝጋት

1. ጉድጓዱን በወጣው ድንጋይና ጠጠር መልሳችሁ ሙሉ። ወገብ የሚያህል ጉድጓድ ለሚሻገር ልጅና ከብት ወጥመድ ነው።
2. የወንዙን ዳር አትንኩ። ከዛፍ ሥሮች በታች አትግቡ። ዳሩ በሚቀጥለው ጎርፍ ይናዳል።
3. ከእናንተ በታች ያለው ውሃ ከመቶ እርምጃ በኋላም ካልጠራ በጣም ብዙ ጭቃ እየለቀቃችሁ ነው። አረፍ በሉ።
4. ፓምፑን አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ቱቦዎቹን ሳታጥፉ ዘርግታችሁ አድርቁ።
5. ለረጅም ጊዜ የምታቆሙት ከሆነ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን እስኪያልቅ ሞተሩን አሠሩት፤ ካልሆነ ረግቶ ይደፍነዋል።
6. ደብተራችሁ ላይ ጉድጓዱ የት እንደነበር፣ አለቱ በስንት ሜትር እንደተገኘ፣ የሳንዱቁ ወደ ጭራ ዝቅታ ስንት ላይ እንደቆመና ስንት ግራም እንደወጣ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ዝቅታውን ከዚያ ቁጥር ጀምሩ።